ፊትዎን በመቀስ ስለ ቆራረጥኩበት ጉዳይ

ለክቡር ቺፍ ኢንጂነር ሞሙዱ አጂሮባ
የኦኬ-ኢሌዋ ከተማ ምክር ቤት ሊቀመንበር
በያሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋታቸው ሱቃቸው የታሸገባቸውን አንዲት ሴትና ከነጥፋቱ ሱቁ ያልታሸገበትን አንድ ልብስ ሰፊ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለክቡርነትዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለሾፌርዎ፣ እንዲሁም መንገድ ስንሻገር ጡሩምባውን ነፍቶ ዕድሜያችንን ለሚያሳጥርልን አጃቢዎ ጭምር ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። በዚያ ቅዳሜ ውኃ የገባባቸው ነጭ ጫማዎችዎም ደርቀው፣ ቅርጻቸውን ሳይለቁ ወደ መደበኛ አገልግሎታቸው እንደ ተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ።

በገበያው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊዎች መስመር፣ አሥራ አራተኛዋ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋሁ ጋንዩ ሾግበሳን እባላለሁ። ክቡርነትዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን በዚህ ክረምት ከወላጅ እናትዎ ቀጥሎ ፊትዎን አብዝቼ ያየሁ ሰው ሳልሆን አልቀርም፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልብስ ስቆርጥ ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ፈገግ ብለው ሲያዩኝ ከርመዋልና። ቅንድብዎ በስተግራ ትንሽ ከፍ እንደሚል ከእኔ በላይ የሚመሰክር አይገኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ግልባጩንም በገበያው በር ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ የጽዳት ክፍልዎ ባለፈው ማክሰኞ ስላሸገው የጎረቤቴ የሙኒራት እናት፣ የኢያ ሙኒራት፣ ሱቅ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚለው፣ «ብጣሽ ጨርቅ በማከማቸትና ቦይ በመድፈን» ጥፋተኛ ስለሆኑ ሱቃቸው በመጪው ዓርብ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቅሬታዎቼን በክቡርነትዎ ልማድ መሠረት በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ አንዳንዶቹ በእርስዎ ላይ የተሰነዘሩ ቢመስሉም ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ያገኟቸዋል።

አንደኛ። በሰኔው ዝናብ የመስመራችን ቦይ ሞልቶ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ፣ ሠራተኞችዎ ቦዩን ከፍተው ያወጡት ነገር ጭቃ ሳይሆን ጨርቅ ነበር፤ የእጅጌ ጫፍ፣ የአንገት ልቃሚ፣ የቀሚስ ዘርፍ። ክቡርነትዎም ነገሩ አስቆጭቶዎት «የጨርቅ ብክነት መከላከያ ቀን» እንዲከበር አዘዙ፤ ለዚህም የከተማው ሕዝብ ሁሉ ያመሰግንዎታል። ከዚያም ቀኑ የሚከበርበት አዲስ ጨርቅ እንዲታተም አዘዙ፤ አረንጓዴ መደብ፣ መሐሉ ላይ የእርስዎ ፊት፣ ዙሪያውን «ጨርቅ አናባክን» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ከዚያች ዕለት በኋላ ማንም ሰው አፍሮ ዳግመኛ እንዳይለብሰው ቀንና ዓመተ ምሕረት። ጨርቁን ያልለበሰ እንግዳ የበዓሉ ድንኳን ውስጥ እንደማይገባም በሬዲዮ ተነገረ።

እዚህ ላይ እኔ ተቃውሜ፣ ተከራክሬ፣ ጨርቁን ወርውሬ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው። የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር የመጀመሪያውን ጣቃ በትከሻው ተሸክሞ መጣና «ጋንዩ፣ ሰው አዲስ ልብስ እንዳያበዛ የሚያስተምር አዲስ ልብስ መጥቶልናል፤ በአሥራ አንድ ቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው እናለብሳለን፤ መቁረጡን ላንተ፣ መስፋቱን ለመስመሩ ሁሉ ሰጥቻለሁ» አለኝ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩትን ጥበብ ሁሉ አሰባስቤ «ክሩስ መጥቷል?» ብዬ ጠየቅሁት። ለአንድ አፍታ እንኳ ሌላ ጥያቄ አልታየኝም።

ሁለተኛ። ከጨርቁ ጋር ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከውን የአንድ ገጽ መመሪያ እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጬዋለሁ። የክቡርነትዎ ፊት በመቀመጫ ላይ እንዳይውል፣ በብብት ሥር እንዳይገባ፣ በአንገቱ ላይ ስፌት እንዳያልፍበት፣ በምንም ሁኔታ ተዘቅዝቆ እንዳይታይ ይላል። መመሪያው እጅግ ተገቢ ነው። ችግሩ አታሚው ፊትዎን በየስንዝሩ መደርደሩ ነው፤ በከተማችን ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን መቀመጫቸው ከአንድ ስንዝር የሚያልፍ እመቤቶች ሞልተዋል። አንዲት የተከበሩ የገበያ እናት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ክቡርነትዎ ከሥራቸው እንዳይገኙ ለማድረግ ስል ጨርቁን ሳዞር፣ ስገለብጥ፣ ሳባክን ዋልኩ። ከስድስት ያርድ ውስጥ ሁለት ተኩሉ ወለል ላይ ቀረ። ማታ ሱቄን ስጠርግ ዓይን፣ ጆሮ፣ ግማሽ ፈገግታ በአካፋ እዝቅ ነበር።

ለራሴ የሰፋሁት ሰፊ ካባ ላይ አሥራ አንድ ሙሉ ፊት እንደ ወጣልኝም ሳልጠቅስ አላልፍም። መስታወት ፊት ቆሜ ስቆጥርዎት ባለቤቴ ሲዲካት በር ላይ ሆና፣ እንደ ልማዷ በልጃችን ስም እየጠራችኝ፣ «ባባ ራሞታ፣ አንተ ስትደመር አሥራ ሁለት ሆናችሁ፤ ለምን ስብሰባ አትከፍቱም?» አለችኝ። እኔ ግን ኩራቱ ጆሮዬን ስለ ደፈነው እንደገና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩዎት።

ሦስተኛው ቅሬታ በቀጥታ በራሴ ላይ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት ትርፍ ሳልተው የቆረጥኩ ዕለት ጣቶቼን በሜትሩ ብረት ይገርፉኝ ነበር። «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያረግዛል፤ ልብሱ አብሮት መኖር አለበት» ይሉኝ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ልብስ ሁለት ሠርግና አንድ ለቅሶ አይቶ፣ ተተርትሮ ሰፍቶ፣ ለታናሽ እህት ያልፍ ነበር። በኋላ ልብስ ሁሉ ሰውነት ላይ ይጣበቅ የሚል ጊዜ መጣ። እኔም ትርፉን ወደ አንድ ጣት፣ ከዚያም ወደ ምንም አወረድኩት፤ የደንበኞቼ ልብስ ከአንድ ግብዣ በኋላ ሲጠባቸው አሮጌውን ይዘው ሳይሆን አዲስ ጨርቅ ይዘው መመለሳቸውንም ወደድኩት። ባለፈው ፋሲካ የለበሰችውን ቀሚስ አስፋልኝ ብትለኝ እምቢ ያልኳት አንዲት አስተማሪ አለች። «እህቴ፣ ይሄን ከማስፋት አንቺን ማክሳት ይቀላል» አልኳት፤ መስመሩ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ አዲስ ስድስት ያርድም ገዛች። ያን ዕለት ራሴን እንደ ብልህ ሰው አየሁት።

አራተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ ረቂቁን ስታነብ «ይሄ ያሳስርሃል» ብላ ስለ ሰረዘችው ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ። የተቆራረጠው ፊትዎ ዘጠኝ ጆንያ ሞላ። ሦስቱን ከእኔ ሱቅ ሦስት በር ርቃ ላለችው ለኢያ ሙኒራት ሱቅ አደረስኩ፤ ለደግነት ሳይሆን ወገቤን ስላመመኝ፣ የእሳቸው በር ደግሞ ቅርብ ስለ ነበረ ነው። ስድስቱን በበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ቦይ ውስጥ ገለበጥኳቸው። ክቡርነትዎ ይህን ሲያነቡ ጉድ ይሉ ይሆናል፤ በእኛ መስመር ግን የታወቀ ሥርዓት ነው። ደመና ሲመጣ ሁሉም ልብስ ሰፊ ጆንያውን ይዞ ይወጣል፤ «ዝናቡ ወደ ወንዝ ያወርደዋል» እንባባላለን። በሰኔ ወንዝ ድረስ ሳይወርድ ቤታችን ድረስ እንደ መጣ አይተናል፤ ግን በሐምሌ ረስተነው ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ክቡርነትዎ ከመድረኩ ላይ ሆነው ከእኔ በተሻለ ስላዩት አላስረዝምም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ፊትዎን ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎም «ከእንግዲህ በዚህች ከተማ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ እንኳ...» እስከሚለው ድረስ ንግግርዎን እጅግ ባማረ ድምፅ አደረሱት። ዝናቡ ዶፍ ሆነ፣ ቦዩ ገነፈለ፣ ውኃው በድንኳኑ ሥር ገባ። መጀመሪያ አንድ ጆሮ መጣ። ከዚያ ሁለት ዓይን፣ ግን የአንድ ፊት አልነበሩም። ከዚያ ግማሽ ፈገግታው በመንጋ ሆኖ መጣና ነጭ ጫማዎ ዙሪያ ተሰበሰበ። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ዓሣ ነጋዴ «ኧረ ጉድ ነው! ሊቀመንበሩ በመኪናም መጣ፣ በውኃም መጣ!» ብላ ጮኸች። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ሲዲካት በክርኗ ጎሰመችኝ። «ባባ ራሞታ፣ ያ ጆሮ ያንተ መቀስ የቆረጠው አይደለም?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ሰው ባይሰማ ጆሮው አለ።»

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሳቅኩ። ከሁሉም አስበልጬ ሳቅኩ፤ ድምፄ ከጥፋቴ ያርቀኝ መስሎኝ ነበር።

ስድስተኛው ስለ ኢያ ሙኒራት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ክቡርነትዎ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ኢያ ሙኒራት ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዘንቢል ይዘው በየሱቃችን እየዞሩ የጣልነውን ብጣሽ ለቅመው፣ በየቀለሙ ለይተው፣ የአራስ ልጅ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና የወንበር ትራስ ሰፍተው ይሸጣሉ። በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ባለጉዳይ የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች ላይ ያሉት ትራሶች የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው፤ እኔ ራሴ ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ተቀምጬባቸው እርስዎን ጠብቄያለሁ፣ ምቾታቸው ይመሰገናል። በከተማችን የጨርቅ ብክነትን ሲከላከል የኖረ አንድ ሰው ቢኖር እኒህ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ግን ሥራው ይህን የመሰለ ስም እንዳለው አያውቁም። ለበዓሉም አልተጋበዙም፤ አዲሱን ጨርቅ አልገዙም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የጽዳት ክፍልዎ ሦስት ሰዎች መስመሩን እየፈተሹ መጡ። የተቆራረጠ ፊትዎን ያገኙት እሳቸው ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኛ ሌሎቻችን ያለንን ሁሉ ቦይ ውስጥ ጥለን ንጹሕ ሆነን ነበርና። ደብተር የያዘው ወጣት ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው ልጄ።»

«ክቡር ሊቀመንበሩን ለምን ቆራረጧቸው?»

«ኧረ እኔስ እየገጣጠምኳቸው ነው» አሉት፤ እውነትም ጉልበታቸው ላይ ሁለት ጉንጭዎን ከአንድ ግንባር ጋር ሰፍተው ነበር።

ወጣቱ ደብተሩ ላይ «አምናለች» ብሎ ጻፈ። ከኋላው ስለ ነበርኩ አየሁት።

ቆራጩ ማን እንደሆነ መስመሩ ሁሉ ያውቃል። ማኅበራችን ያውቃል። ሁሉም የየራሱ ጆንያ ስላለበት አንገቱን የስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ ፔዳሉን ይረግጥ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። እኔ ግራኝ ነኝ፤ መቀሴ ጨርቁን ወደ ግራ አዘንብሎ ስለሚቆርጥ ብጣሼ ከሌላው ሰው ብጣሽ ጋር አይገጥምም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ጋንዩ፣ ያንተን ዘመም እየደገፍኩ እጄ አለቀ» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ያን ዕለት አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ከወጣቱ ኋላ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። እሳቸው ስሜን አልጠሩም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ክቡርነትዎ ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ፈሪ ብለው ያልፉኝ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ መኪናዋን እናውጣው፣ አንድ ጊዜ ያግዙን» ሲለኝ ገብቼ አገዝኩት። የኢያ ሙኒራትን የስፌት መኪና በእነዚህ ሁለት እጆቼ ተሸክሜ ከሱቃቸው አወጣሁ። እሳቸውም ከኋላዬ እየተከተሉ «ቀስ በል ጋንዩ፣ የኋላ እግሩ ላልቷል፣ እንዳይጥልህ» አሉኝ። መሬት ሳስቀምጠው ደግሞ «አላህ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ወጣቱ ጓጉንቸሩን በሩ ላይ ሲቆልፍ ጎናቸው ቆሜ ነበር፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢያ ሙኒራት በመስመራችን ጫፍ ባለው ማንጎ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መኪናው በላላ እግሩ ጭቃ ላይ አልቆም ስላለ፣ በእጅ መርፌ ይሰፋሉ። ዓይናቸው ስለ ደከመ መርፌው ጣታቸውን ይወጋቸዋል፤ ጣታቸውን ይመጥጡና ይቀጥላሉ። ዝናብ ሲመጣ ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ እኔ ሱቅ ይገባሉ፤ ከጠረጴዛዬ ሥር የወደቀውን ብጣሽም ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላነሱብኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ቤት ውስጥ ስድቡ አልጎደለብኝም። ሲዲካት ለሦስት ቀን ምግቤን እያቀረበች «ብላ፤ ለሸክም አቅም ያስፈልግሃል» ስትለኝ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ በትሕትና «ክቡርነታቸው በዋና ከተማ ለሚደረገው የጨርቅ ብክነት ጉባኤ የሚለብሱትን ልብስ ሊለኩ ሄደዋል» አለችኝ። እዚያ ሆኜ እንኳ ስለ ኢያ ሙኒራት ከማሰቤ በፊት «ለምን እኔ ጋ አልመጡም?» ብዬ በሙያ ቅናት እንደ በገንኩ ልናዘዝ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው የሚጽፍልዎት።

ስለዚህ ያለ ማንም አስገዳጅነት የሚከተለውን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ፊትዎን የቆራረጥኩት እኔ ነኝ። ቦዩን የደፈንኩትም እኔ ነኝ። ማስረጃ ከተፈለገ ከጫማዎ ሥር የተለቀሙትን ብጣሾች ጠረጴዛዬ ላይ ካለ ማንኛውም ቁራጭ ጋር ያስተያዩ፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው፤ በመስመሩ ከእኔ በቀር ግራኝ የለም። ባለቤቴም ለመመስከር ፈቃደኛ ናት፤ እንዲያውም ልከለክላት አልቻልኩም።

የምጠይቀውም ጥቂት ነው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት የኢያ ሙኒራት ሱቅ ይከፈት፤ ማስታወቂያው ይነሣ፤ «አምናለች» የሚለው ቃል ከደብተሩ ይሰረዝና በቦታው የእኔ ስም ይጻፍ። መኪናቸውን ወደ ቦታው መልሼ የምሸከመው እኔ ነኝ፤ የኋላ እግሩንም አጥብቄ አስሬ እሰጣለሁ። ለከርሞው በዓል ደግሞ እንግዳው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልብስ ለብሶ ይምጣ ቢሉ፣ ክቡርነትዎም የአምናውን ለብሰው ቢመጡ፣ ንግግርዎ ባይሰማ እንኳ ይታይ ነበር። እኔ በበኩሌ በየስፌቱ ሦስት ጣት ትርፍ መተው ጀምሬያለሁ። ያቺን አስተማሪ ፈልጌ ቀሚሷን ከራሴ ጨርቅ ጎን ጨምሬ አስፍቼላታለሁ። ስትቀበለኝ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ሱቄን ከዘጉብኝ በኋላ ምን እንደምበላ አላውቅም። ከመቀስ በቀር የምይዘው ነገር የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሙያ አልጀምርም። ፈርቻለሁ፣ ይህንንም አልደብቅም። ግን ማንጎው ሥር እየዘነበ ነው።

ፊትዎን በክብር ቆርጬ በውርደት የጣልኩት፣ ጎረቤቴን በዝምታ ከስሼ በጉልበቴ ያስወጣሁት፣ ለከተማችን ጽዳት ያለዎትን ድካም የሚያደንቅና ከነድካምዎ ያደፈረሰብዎ፣ የአሥራ አራተኛዋ ሱቅ ባለቤት እስከ ዓርብ ድረስ፣

ጋንዩ ሾግበሳን (ግራኙ)

ማሳሰቢያ፦ የእኔን ሱቅ ለማሸግ ሲመጡ አዲስ ጓጉንቸር እንዳይገዙ በትሕትና አሳስባለሁ፤ ብክነት ነው። ከኢያ ሙኒራት በር ላይ አንሥተው ይጠቀሙበት። ርቀቱ ሦስት በር ነው፤ ጓጉንቸሩን እኔው ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ።